እግሯ የከዳት ጫጩት

ጫጩት ገዝቶ ለልጆቹ ያስገባ ቤተሰብ ይህን ሳያይ አይቀርም። ከመካከላቸው አንዷ እግሯ ግራና ቀኝ ተከፍቶ መቆም ያቅታታል፤ ወይም ምንቃሯ እንደ መቀስ ተጠላልፎ ጥሬ ማንሳት ይሳናታል። ትልቅ ሰው “ይቺስ አትሆንም” ብሎ ፊቱን ያዞራል። ልጁ ግን ያቺኑ መርጦ ስም አውጥቶላታል። “ትድናለች?” ብሎም ይጠይቃል።

በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከልጆች ትኩሳት ቀጥሎ ጎረቤት የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም የሙያችን የመጀመሪያ ትምህርት እዚህም ይሠራል፤ ከማከም በፊት መለየት ይቀድማል። የሚያጋጥመን ሦስት ዓይነት ነው፦ ቶሎ ከተያዘ የሚስተካከል፣ ባይስተካከልም አብረውት የሚኖሩት፣ እና ጉዳት መስሎ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ።

ቶሎ ከተያዘ የሚስተካከል

የእግር መከፈት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሚያንሸራትት ወለል ነው። ስለዚህ ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጫጩት አታንጥፉት፤ ላስቲክም እንዲሁ። ሸካራ ጨርቅ ይሻላል። እግሯ የተከፈተባትን ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካገኛችኋት፣ የቁስል ፕላስተር በቀጭኑ ቆርጣችሁ ሁለቱን እግሮቿን አገናኙ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ጤነኛ ጫጩት ስትቆም ያለውን ያህል ይሁን። ማሰሪያው መጥበቅ የለበትም፤ ጣቷ ካበጠ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ወዲያው ፍቱት። በየቀኑ እየፈታችሁ እዩት። ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቆማሉ። አጥንቷ ከጠና በኋላ ግን ማሰሪያው እምብዛም አይረዳም።

ጣቶቿ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው በቁርጭምጭሚቷ የምትራመድ ከሆነ ደግሞ የቫይታሚን ቢ2 እጥረት ሊሆን ይችላል። በቆሎና የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ እየበሉ የሚያድጉ ጫጩቶች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። የተመጣጠነ የጫጩት መኖና ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኝ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ቫይታሚን በጊዜ ከተሰጣት ልትድን ትችላለች። ከቆየ ግን ነርቯ ስለሚጎዳ ላይመለስ ይችላል።

ሁለት ነገር አትርሱ። መራመድ ያቃታት ጫጩት ወደ ሙቀቱ መሄድ አትችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋታልና አምፖሉን ወደ እሷ አቅርቡላት። ብትወድቅ እንዳትሰጥምም ውሃዋን በዝርግ ዕቃ አድርጋችሁ ጠጠር ጨምሩበት።

አብረውት የሚኖሩት

የተጣመመ ምንቃር በማሰር አይቃናም። ለእንዲህ ያለችው ዶሮ የሚያስፈልጋት የአመጋገብ ለውጥ ነው። መኖዋን በውሃ አርሳችሁ፣ ጎድጎድ ባለ ዕቃ፣ በጀርባዋ ቁመት ልክ አስቀምጡላት። የምንቃሯ ጫፍ እየረዘመ ካስቸገራት በጥፍር ሞረድ ቀስ ብላችሁ ጫፉን ብቻ ሞርዱ፤ ወደ ውስጥ ከዘለቃችሁ ይደማል። ችግሩ በዘር የሚተላለፍበት ጊዜ ስላለ እንቁላሏን አታሳቅፉ።

ዓይኗ ለጠፋ ዶሮ ምግብና ውሃው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁን። ከመንካታችሁ በፊትም ድምፅ አሰሟት። ደካማዋን ሌሎቹ እየነከሱ ሊያደሟት ስለሚችሉ በሽቦ ወንፊት ለዩአት፤ ጓደኞቿን እያየች ትበላለች። ከመንጋው ፈጽሞ የተለየች ዶሮ ትጨነቃለች።

ጉዳት የሚመስለው በሽታ

ደህና ስትሄድ የነበረች፣ ከተወሰነ ሳምንት በኋላ አንድ እግሯን ወደፊት ሌላውን ወደኋላ ዘርግታ ከተኛች ማሬክ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም። ክትባቱ የሚሰጠው በተፈለፈሉበት ዕለት ነውና ስትገዙ ሻጩን ጠይቁ። አንገት መጠምዘዝ ከአረንጓዴ ተቅማጥና ከትንፋሽ ችግር ጋር ሲመጣ ደግሞ ፈንግልን ጠርጥሩ፤ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። የታመመችውን ለዩ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ፣ የሞተችውን በጥልቀት ቅበሩ። ለጎረቤት አትስጡ፣ ገበያም አታውጡ። ከሰው የተረፈ አንቲባዮቲክም ለዶሮ አይሰጥም፤ ቅሪቱ በእንቁላሉና በሥጋው ተመልሶ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል።

ለልጆቹስ?

ደህና የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ መሳም የለም፣ ማዕድ ቤት ማስገባት የለም፣ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ቢያዩ እንጂ ባይነኩ ይሻላል። እኛ አቅመ ደካማ አረጋውያንም እንዲሁ እንጠንቀቅ።

እስከ መቼ እንንከባከባት ለሚለው “ዶሮ ብታልም ጥሬዋን” የሚለው አባባል ጥሩ መለኪያ ነው። የምትበላ፣ የምትጠጣ፣ ፀሐይ ስታይ ክንፏን የምትዘረጋ ዶሮ ብታነክስም ትኑር። መብላት ያቆመች፣ ሌት ተቀን የምትሰቃይ ከሆነች ግን ስቃይዋን ማሳጠር ርኅራኄ ነው። ያን ጊዜ ለልጁ “ጠፋች” አትበሉት፤ እውነቱን ንገሩት። ስም ያወጣላትን ዶሮ ለበዓል አርዳችሁ ሳይነገረው በወጥ ማቅረብም እምነቱን ማጉደል ነው። ልትታረድ ከሆነ አስቀድሞ ይወቅ፤ ካልሆነም ሌላ ይገዛ።

ከሁሉም በላይ ለአንደበታችን እንጠንቀቅ። “ሽባ ምን ይሠራል?” ስንል የሚሰማው ልጅ፣ ክፍሉ ውስጥ በክራንች የሚሄድ ጓደኛ ሊኖረው ይችላል። እኛም አያቶች ዛሬ ነገ ጉልበታችን ይከዳናል። ልጁ ያን ጊዜ እንዴት እንደሚይዘን የሚማረው ዛሬ ካርቶን ውስጥ ያለችውን ጫጩት ስንይዝ እያየ ነው።