የአንገት ሹራብ፣ ቀለበቱና በውስጡ የታሰረው አየር

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የደጋ ሌሊቶች ብርዱ በጠና ቁጥር ስለ ወፍራም የአንገት ሹራብ ሁለት አባባሎች በማኅበራዊ መገናኛዎችና በልብስ ማስታወቂያዎች ይመላለሳሉ። አንደኛው ወፍራም የሱፍ ክር በራሱ ሙቀት ያመነጫል የሚል ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ የሰው አካል ሙቀቱን ግማሽ ያህል የሚያጣው በራሱና በአንገቱ በኩል ነው የሚል ነው። ሁለቱም እንደተነገሩት ትክክል አይደሉም፤ የመጀመሪያው ግን ከስሕተቱ ጋር ጥቂት እውነት ስለተቀላቀለበት እሱን ማረም ከሚታሰበው በላይ ያስቸግራል።

ሁለተኛውን ቶሎ ማሰናበት ይቻላል። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመስክ መመሪያ ከአካል ሙቀት ከ40 እስከ 45 በመቶ የሚሆነው በራስ በኩል እንደሚወጣ ጽፎ ነበር፤ ሬቸል ቭሪማንና አሮን ካሮል የተባሉ ሐኪሞች በ2008 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ጽሑፍ ይህን አባባል መሠረት ከሌላቸው የሕክምና እምነቶች ጋር መደቡት። ራስና አንገት በአንድነት ከአዋቂ ሰው ቆዳ 9 በመቶ ገደማ ይሸፍናሉ፤ ሙቀት የሚጠፋውም በአመዛኙ በተገለጠው የቆዳ ስፋት ልክ ስለሆነ፣ ሌላው አካል ሁሉ ተሸፍኖ ራስ ብቻ ቢራቆት አብዛኛው በራስ በኩል ቢወጣ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። እርግጥ ነው፣ በአንገት በኩል የሚያልፉት ትላልቅ የደም ሥሮች ለቆዳ ቅርብ ናቸው፤ የአንገት ቆዳም እንደ ጣት ቆዳ በብርድ ጊዜ የደም ዝውውሩን አጥብቆ አይቀንስም። አንገትን መሸፈን ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም፤ የተሳሳተው ቁጥሩ ነው።

ለመጀመሪያው ስሕተት በከፊል ቋንቋም ተጠያቂ ነው። አማርኛ «ብርድ ገባ»፣ «ብርድ መታው» ሲል ብርድን ከውጭ እንደሚመጣ እንግዳ ነገር ያየዋል፤ በፊዚክስ ግን የሚንቀሳቀስ ብርድ የለም፤ የሚንቀሳቀሰው ከሞቀው አካል ወደ ቀዘቀዘው አካባቢ የሚፈሰው ሙቀት ነው። በዚያ ላይ «ሙቀት» የሚለው ቃል የሚፈሰውን ኃይልም በቴርሞሜትር የሚነበበውን ልክም ያመለክታል፤ የመማሪያ መጻሕፍት ሁለተኛውን «የሙቀት መጠን» ብለው ለመለየት ቢሞክሩም የመንገዱ አነጋገር አልተከተላቸውም። አንድ ልብስ «ሞቃት ነው» የሚባለውም ልብሱ ራሱ ሞቆ ሳይሆን ከለባሹ የሚወጣውን ሙቀት ስለሚያዘገይ ነው።

ስለ ሹራቡ አሠራር ብዙ ማለት አያስፈልግም። እዚህ የሚነሳው ጫፍና ጫፉ ተገጥሞ በራስ በኩል የሚጠለቀው ክብ የአንገት ሹራብ ነው፤ ጀማሪ ሠሪ በ10 ሚሊ ሜትር መርፌና በወፍራም የሱፍ ክር 24 ቀለበት ጀምሮ፣ ሁሉንም መስመር በአንድ ዓይነት አሠራር እየተመላለሰ 50 ሴንቲ ሜትር ካደረሰ በኋላ ጫፎቹን ሰፍቶ ሊጨርሰው ይችላል።

አሁን ስሌቱ ይታይ። ይህ ሹራብ ዙሪያው 50 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን የያዘው ቦታ 1,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ሊትር ነው። ክሩ 120 ግራም ቢመዝን፣ የሱፍ ጭረት እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.31 ግራም ስለሆነ፣ ሱፉ ራሱ የሚይዘው 92 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አየር ነው፤ ሹራብ ገዝቶ የሚሄድ ሰው በጥቅሉ አየር ተሸክሞ ይሄዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ አየር ረግቶ እስካለ ድረስ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ በሜትርና በዲግሪ 0.026 ዋት ያህል ሲሆን የሱፍ ጭረት አቅም የዚህ ብዙ እጥፍ፣ የውሃ ደግሞ 0.6 ዋት ነው። ስለዚህ በልብሱ ውስጥ ሙቀትን ከሚያግዱት ነገሮች ዋነኛው አየሩ ነው፤ የሱፉ ድርሻ አየሩ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ማሰር ነው። የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ቤት ሌሊት የማይበርደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጋቢም አራት ድርብ ሆኖ የሚሠራው የጥጡ ብዛት ብቻ ስለሚያሞቅ ሳይሆን በድርቦቹ መካከል የሚታሰር አየር ስላለ ነው።

ታዲያ አየሩን ማን ያስረዋል? እዚህ ላይ የቀለበቱን ጠባይ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ሸማኔ ድሩን ወጥሮ ማጉን በመካከሉ ሲያሳልፍ ክሮቹ አንዱ በቁመት ሌላው በአግድም ቀጥ ብለው ይተኛሉ፤ በመሆኑም ጨርቁን በድሩ አቅጣጫ የሚጎትት ሰው የሚጎትተው ክሩን ራሱን ነው፤ የጥጥ ክር ደግሞ በቀላሉ አይለጠጥም። የሹራብ ክር ግን ቀጥ ብሎ የሚተኛበት ቦታ የለውም። አንድ ክር ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ፣ እያንዳንዱ ቀለበት በታችኛው ቀለበት ሆድ ውስጥ ተስቦ ይወጣል፤ ላይኛው እስኪያልፍበት ድረስም ራሱን ችሎ አይቆምም። (ስያሜው ያወዛግባል፤ «ዓይን» ማለት ለአፍ የሚጥም ቢሆንም ቀዳዳውን እንጂ የከበበውን ክር አያመለክትም፤ «ቀለበት» ደግሞ የተዘጋ ነገር ያስመስላል። ከሁሉ የሚቀርበው «ሸምቀቆ» ነበር፤ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ተፈትቶ መሄዱ በትክክል የሸምቀቆ ጠባይ ነውና፤ ነገር ግን ቃሉ ከአንገት ጋር ሲነሳ ደስ አይልም።)

ይህን ጨርቅ ወደ ጎን ሲጎትቱት ክሩ ራሱ ምንም ሳይረዝም የቀለበቱ እግሮች ርዝመታቸውን ለቀለበቱ አናት ያበድሩታል፤ ቀለበቱ ይሰፋል፣ ያጥራል፤ ጨርቁም በዚያው ልክ በቁመት ይሰበሰባል። የሱቅ ተጣጣፊ የብረት ፍርግርግ ሲከፈትና ሲዘጋ አንድም ብረት እንደማይረዝም ሁሉ፣ እዚህም የሚለወጠው የክሩ ርዝመት ሳይሆን የክሩ አቀማመጥ ነው። ፍርግርጉ ግን የተተወበት ቦታ ይቀራል፤ ሹራብ ይመለሳል። የሚመለሰው የተጎበጠ ክር እንደተጎበጠ የቀርከሃ ዘንግ ሊቃና ስለሚፈልግ፣ ጎረቤቶቹ ግን ስለማይፈቅዱለት ነው፤ እያንዳንዱ ቀለበት ትንሽ ስፕሪንግ ነው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ስፕሪንጎች ደግሞ ተያይዘው አንድ ጨርቅ ይሆናሉ።

የጨርቅ ሊቁ ፍሬድሪክ ፒርስ በ1947 እ.ኤ.አ. ቀለበቱን በክብ ቅስቶችና በቀጥታ መስመሮች ከፋፍሎ በሒሳብ ለመግለጽ ሞክሮ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳሙኤል ፑዋንክሉ፣ ሞክታር አዳ-ቤድያና ፍሬድሪክ ሌሼኖ ፊዚካል ሪቪው ኤክስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ሦስት ነገሮችን ብቻ በመነሻነት ያዙ፦ ክሩ መጎበጥን ይቃወማል፣ ርዝመቱ አይለወጥም፣ አንዱ ክር በሌላው ውስጥ ሾልኮ አያልፍም። ከእነዚህ ብቻ ተነስተው የሹራብን አለጣጠጥ በጥሩ ሁኔታ መተንበይ ችለዋል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ አልተዘጋም፤ በክርና በክር መካከል ያለው ሰበቃ ጨርቁ ተለጥጦ ሲለቀቅ ወደ ትክክለኛ መነሻው እንዳይመለስ ያደርገዋል፤ አንድ ሹራብ አንድ ብቻ የሆነ «የዕረፍት ቅርጽ» አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄም ገና ያከራክራል። ፀጉራማ የሱፍ ክር ከለስላሳው የናይለን ክር የተለየ ጠባይ ስላለው፣ በአንዱ የተገኘውን ውጤት ለሌላው ማዋል ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ቀለበቱ ፊትና ጀርባ አለው። ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን ካዞሩ የየቀለበቱ ትንሽ ጉብጠት ይደመርና ጨርቁ ጎንና ጎኑ ወደ ኋላ፣ ላይና ታቹ ወደ ፊት ይጠቀለላል፤ ጀማሪ ሠሪዎች ይህን የእጃቸው ጥፋት አድርገው ያዝኑበታል፣ ጥፋቱ ግን የጂኦሜትሪው ነው። ከላይ የተጠቀሰው ተመላላሽ አሠራር አንዱን መስመር ፊት ሌላውን ጀርባ ስለሚያደርገው ጉብጠቶቹ ይጠፋፋሉ፤ ጨርቁ ይረጋል፣ በመስመሮቹ መካከልም አየር የሚይዙ ሸንተረሮች ይፈጠራሉ። በቁመቱ በቀላሉ መለጠጡም ጥቅም አለው፤ 50 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ሹራብ 57 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ራስ ላይ ለመጥለቅ 14 በመቶ ብቻ መለጠጥ ሲኖርበት፣ ካለፈ በኋላ ተሰብስቦ ከደረት ወደ ላይ የሚያመልጠውን የሞቀ አየር ይዘጋበታል። ሰፊና ልቅ የሆነው የአንገት ሹራብ በፎቶ ቢያምርም ለዚህ ሥራ እንደ ጭስ ማውጫ ነው።

ውፍረት ምንም አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም። ወፍራም ጨርቅ ወፍራም የአየር ንጣፍ ስለሚይዝ አየሩ በረጋበት ክፍል ውስጥ ከቀጭኑ ይበልጣል፤ ነገር ግን ከወፍራም ክር ጋር የሚመጣው ትልቅ ቀዳዳ ነፋስ ሲነሳ የታሰረውን አየር ጠርጎ ያስወጣዋል። ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ቀጭን ጨርቅ ከላይ ቢደረብበት ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ስለዚህ ነው።

አሁን በመጀመሪያው አባባል ውስጥ ወዳለው ጥቂት እውነት እንመለስ። ሱፍ የውሃ ተን ሲስብ በእርግጥ ሙቀት ይለቃል፤ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህል ውሃ ይዞም በእጅ ሲነካ እርጥብ ላይመስል ይችላል። አንድ ግራም ተን ሲያዝ ከ2.4 ኪሎ ጁል ያላነሰ ሙቀት ይወጣል፤ ስለዚህ ከደረቅ ክፍል ወጥቶ እርጥበት ወዳለው አየር የገባ 120 ግራም ሹራብ 10 ግራም ተን ቢስብ 24 ኪሎ ጁል ይሰጣል፤ ይህም በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተለቀቀ ወደ 7 ዋት ይጠጋል። ሆኖም ከዚህ ሙቀት ከፊሉ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ሱፉ ከጠገበ በኋላ ይቆማል፤ ሹራቡ ሲደርቅም ያንኑ ያህል ሙቀት መልሶ ይወስዳል። ለባሹ ምን ያህሉን በቆዳው ይረዳዋል የሚለው እንደ አየሩ፣ እንደ እርምጃው፣ ከሥር እንደለበሰውም ስለሚለያይ አንድ ቁጥር ማስቀመጥ አይቻልም። «ያመነጫል» የሚለው ቃል ግን በምንም ሚዛን አይሆንም፤ ተበድሮ መክፈልን ማመንጨት የሚለው የለም። አክሪሊክ ክር ደግሞ ከክብደቱ ሁለት በመቶ እንኳ ውሃ ስለማይስብ ይህ ጉዳይ አይመለከተውም፤ በማስታወቂያ ላይ ሁለቱ በአንድ ስም ይጠራሉ።

አንድ የመጨረሻ እርማት ቀርቷል። ሹራቡን ከጅምሩ በክብ መርፌ ዙሪያውን የሚሠሩ ሰዎች የመጀመሪያው መስመር ተጠምዝዞ ከተገጠመ ውጤቱ አንድ ገጽ ብቻ ያለው የሜቢየስ ጥምዝ እንደሚሆን ይነገራቸዋል። አይሆንም፤ በመርፌው ላይ የሚፈጠረው ጥምዝ ሙሉ ዙር ስለሆነ ጨርቁ ተጠማዝዞም ሁለት ገጽ ይኖረዋል፤ የሜቢየስ ጥምዝ የሚገኘው ቀጥ ብሎ የተሠራ ጨርቅ በግማሽ ዙር ተገልብጦ ሲሰፋ ነው። በስፌት የተገጠመው ስፌቱ ተፈትቶ ይስተካከላል፤ በክብ መርፌ የተጠመዘዘውን ግን ሠሪው ክሩን ስቦ ቀለበት በቀለበት እስከ መጀመሪያው መስመር ድረስ መፍታት አለበት።