ሩቁን ሰማይ ከግቢ ማንሳት

ኔቡላ ወይም የኮከብ ክምችት በፎቶ ማንሳት የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚያጠያይቀው የቴሌስኮፕ ዋጋ ነው። እኔ ለጀማሪ ቴሌስኮፕ አልመክርም። ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስና የማይነቃነቅ ትራይፖድ ይበቃሉ። ሰርግ የሚያነሳ ጓደኛ ያለው ሦስቱንም ተውሶ መጀመር ይችላል።

አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ ታድሏል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ መጽሐፈ ኢዮብ የሚያነሳው ኦሪዮን ከአናታችን ብዙም ሳይርቅ ያልፋል፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ከፍታው ላይ ይደርሳል። በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስት ኮከቦች ያገኘ ሰው፣ ከእነሱ በስተደቡብ ትኩር ብሎ ሲያይ ብዥ ያለች ነጥብ ትታየዋለች። የኦሪዮን ኔቡላ እሷ ናት፦ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ የምትርቅ፣ አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱባት የጋዝና የአቧራ ደመና።

በፎቶ የተነሳች የመጀመሪያዋ ኔቡላም ይህችው ናት። ሐኪሙ ሄንሪ ድሬፐር እ.ኤ.አ. በ1880 ኒው ዮርክ አቅራቢያ፣ በቤተሰቡ ይዞታ ላይ ካሠራው መመልከቻ 51 ደቂቃ ብርሃን አስገብቶ አነሳት። በ1883 መሐንዲሱ አንድሪው ኤይንስሊ ኮመን፣ ለንደን ዳርቻ ኢሊንግ ካለው ቤቱ ግቢ ሆኖ፣ በራሱ ቴሌስኮፕ በዓይን የማይታዩ ኮከቦችን ጭምር በፎቶ አወጣ። ዓይን ብርሃን አያጠራቅምም፤ የፎቶ መስታወትም ሆነ የዛሬው ሴንሰር ግን ያጠራቅማል። የዚህ ሥራ ምስጢሩ ይኸው ነው።

እንቅፋቱ የምድር መዞር ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚሸሽ፣ በተለመደው አነስተኛ ሴንሰርና በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ5 ወይም 6 ሰከንድ በላይ ሲከፈት ኮከቦቹ ነጥብነታቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። ሰማዩን ተከትሎ ካሜራውን የሚያዞር መሣሪያ አለ፤ ግን በሰሜን ኮከብ መስተካከል አለበት፣ ያ ኮከብ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። እንጦጦ ሥር የሚኖር ሰው ጭራሽ ላያየው ይችላል። ስለዚህ መፍትሔው አጫጭር ፎቶ በብዛት ማንሳት ነው።

ሌሊቱን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ፎከስ ነው። አውቶፎከሱ ይጠፋና ካሜራው ደማቁ ሲሪየስ ላይ ይደገናል። ምስሉ በስክሪኑ 10 እጥፍ ሲጎላ ኮከቡ መጀመሪያ የተንሰራፋ ክብ ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ቀለበት በጣም በቀስታ ማዞር ነው፤ ክቡ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ የመርፌ ጫፍ ያህል ይሆናል፣ ትንሽ ካለፈ ደግሞ መልሶ ይሰፋል። ያቺ ጠባቧ ቦታ ስትገኝ ቀለበቱን በፕላስተር መለጠፍ ይሻላል፤ እጅ ሲነካው ይንሸራተታልና። ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የሩቅ ምልክት አምኖ መተው አያዋጣም።

ከዚያ ፎርማቱ ሮው፣ አይኤስኦው 1600፣ የሌንሱ ክፍተት 2.8 ተደርጎ በ5 ሰከንድ 200 ፎቶ ይነሳል። ሲደመር ወደ 17 ደቂቃ የሚጠጋ ብርሃን ነው። ሌንሱ በክዳኑ ተሸፍኖ፣ ምንም ሳይቀየር ሌላ 20 ወይም 30 ፎቶ ይጨመራል፤ እነዚህ ጥቁር ፎቶዎች ካሜራው ራሱ የሚፈጥረውን ጉድፍ ለይተው ያሳያሉ። ዲፕስካይስታከር ወይም ሲሪል የተባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች ይህን ጉድፍ ይቀንሱና ኮከብ በኮከብ ላይ እያስተካከሉ ሁሉንም ያዳምራሉ። የዘፈቀደው ጉድፍ በየፎቶው ቦታው ስለሚለያይ ይጠፋፋል፣ ኔቡላዋ ግን ትጠነክራለች። 4 ፎቶ ጥራቱን በ2 እጥፍ፣ 100 ፎቶ በ10 እጥፍ ያሻሽላል።

ተዳምሮ የወጣው ፎቶ መጀመሪያ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል፤ ተስፋ የሚያስቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ደብዛዛው ክፍል በሶፍትዌሩ ሲጎላ ግን የኔቡላዋ ክንፎች ይወጣሉ። ቀይነቷ ገርጣ ይላል፤ ከሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት መምረጥና የበረንዳውን መብራት ማጥፋት ውድ ሌንስ ከመግዛት በላይ ይጠቅማል።

ኦሪዮን ወደ ምዕራብ ካዘቀዘቀ በኋላም ሥራው አይቆምም። በሚያዝያ፣ የበልጉ ደመና ፋታ ሲሰጥ፣ አብዛኛው አውሮፓ የማያያቸው የካሪና ኔቡላና ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው ግዙፍ የኮከብ ክምችት በደቡብ በኩል ይወጣሉ። ለሁለቱም ያው ካሜራና ያው ሌንስ ይበቃል።