ተጨማሪ መረጃ፦ የተቃጠለ ሶኬት ከመቀየሩ በፊት
በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚዳረሰው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት በመሆኑ፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ በሽቦው 16 አምፔር ገደማ ጅረት፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ሙል፣ ስለሚያልፍ፣ የሽቦው ማሰሪያ ከላላ ሶኬቱ ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

ሶኬቱን የሚቀይር ሰው በቅድሚያ ብሬከሩን፣ ማለትም ጅረቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን በራሱ የሚቆርጠውን መሣሪያ፣ ማጥፋት፣ ቀጥሎም ቴስተሩ፣ ማለትም ኃይል መኖሩን የሚያሳየው መሣሪያ፣ መሥራቱን ኃይል ባለው ሌላ ሶኬት ላይ አረጋግጦ በሚጠገነው ሶኬት ቀዳዳዎች ሁሉ መሞከር ይኖርበታል። አምፖል መያዣ ሲጠገንም የግድግዳ ማጥፊያ ብቻውን አያስተማምንም፤ በስህተት ኒውትራሉን፣ ማለትም የመመለሻውን ሽቦ፣ የሚቆርጥ ከሆነ አምፖሉ ቢጠፋም ፌዙ፣ ማለትም ኃይል ተሸካሚው ሽቦ፣ እስከ አምፖል መያዣው ድረስ ኃይል እንደያዘ ይቆያል።

በክረምት እንደሚያጋጥመው ግድግዳውና ወለሉ ሲረጥብ ወይም እጅ እርጥብ ሲሆን፣ የሰውነት ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ፣ በሰውነት የሚያልፈውም ጅረት 220 ሚሊአምፔር ሊደርስ ስለሚችል፣ ይህም የልብን ምት ለማዛባት በቂ በመሆኑ፣ ጥገናው ደረቅ ጫማ ተደርጎ በደረቅ እጅ መከናወን አለበት። የተቃጠለ ፊውዝ በተራ ሽቦ አይተካም፤ ቆጣሪውና ከእሱ በፊት ያለው መስመርም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት በመሆኑ በግለሰብ አይነካም።