ፊደሉ ሳይሆን እዝባሩ

በአማርኛ የቢሮ ጽሕፈት እዝባር የማይገባበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ «ት/ቤት»፣ «ወ/ሮ»፣ «ገ/ማርያም»፣ «12/05/2016» እያልን እንጽፋለን። ከእነዚህ አንዱን የፋይል ስም ልናደርገው ስንሞክር ግን ዊንዶውስ አይቀበለንም። ለኮምፒዩተሩ እዝባር ፎልደርን በውስጡ ካለው ፋይል የሚለይ ምልክት ነው። ሊኑክስ «ወ/ሮ» የሚል ስም ቢሰጠው የሚፈልገው «ወ» በተባለ ፎልደር ውስጥ «ሮ» የተባለ ፋይል ነው። ኤምኤስ-ዶስ እ.ኤ.አ. በ1983 ፎልደር ማስተናገድ ሲጀምር እዝባር ለትእዛዝ አማራጮች ተይዞ ስለነበር በተቃራኒው ያዘነበለውን \ መረጠ። ዊንዶውስ ዛሬም ሁለቱንም ይከለክላል፤ : * ? " < > | የተባሉትንም አብሮ።

ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ የፋይል ስም በላቲን ፊደል ቢጻፍ ይሻላል ይላል። ድምዳሜው ትክክል አይደለም። የግዕዝ ፊደል ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ የዛሬዎቹ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ ሁሉ በፋይል ስም ይቀበሉታል። በላቲን ሲጻፍ ግን «ጠራ» እና «ተራ» አንድ ይሆናሉ፤ ሰነዱን ከዓመታት በኋላ የሚፈልግ ሠራተኛም የቀድሞው ሰው በምን ዓይነት አጻጻፍ እንዳስቀመጠው መገመት ይኖርበታል። በእርግጥ የእኛም ፊደል ሞክሼ አለው፤ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ይህ ግን መሥሪያ ቤቱ በአንድ አጻጻፍ ከተስማማ የሚፈታ ነው። ከሁሉም የሚከብደው መከራከሪያ የድሮ የዚፕ ፕሮግራሞች ነገር ነው፤ ዩኒኮድን ስለማያውቁ የአማርኛውን ስም ወደማይነበብ ምልክት ይለውጡታል። የሚበላሸው ስሙ እንጂ ይዘቱ አይደለም፤ መፍትሔውም ፕሮግራሙን ማደስ ነው።

ስለዚህ መተው ያለበት ምሕጻሩ ነው። «ት/ቤት» ከማለት «ትምህርት ቤት»፣ ቀኑንም ዓመቱን አስቀድሞ «2016-05-12» ብሎ መጻፍ ይበጃል፤ እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ የጊዜ ቅደም ተከተላቸውን ይጠብቃሉ። «2016 ዓ.ም.» ብሎ ፎልደር የሚሰይም ሰው ደግሞ ዊንዶውስ የመጨረሻዋን ነጥብ ሳይጠይቅ እንደሚያስቀራት ይወቅ። ሳይታጠር የተጻፈ ስም ይረዝማል የሚል ስጋት ሊነሳ ይችላል። የተለመደው የሊኑክስ ፋይል ሥርዓት ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ የሚተርፈን 85 ፊደል ነው፤ ዊንዶውስ ላይ እስከ 255 ይደርሳል። ጠባቡ ልክ እንኳ የትምህርት ቤቱን ሙሉ ስም፣ የሰነዱን ዓይነትና ቀኑን ይይዛል።