ጥርሳቸውን ሙሉ በሙሉ ላጡ ተገልጋዮች፦ ስለ ጥርስ ተከላ ከመወሰንዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ጥርስን ሙሉ በሙሉ ማጣት የእርጅና ምልክት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ቆሎ መቆርጠም፣ ሥጋ ማኘክ የተሳነው ሰው የሚመገበው የምግብ ዓይነት እየጠበበ ይሄዳል፤ የንግግሩ ድምፀት ይለወጣል፤ ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብም ያሳቅቀዋል። ይህን ችግር ለመፍታት ከሚሰጡ ሕክምናዎች አንዱ በተለምዶ «ኢምፕላንት» የሚባለው የጥርስ ተከላ ነው። ይሁን እንጂ ሕክምናው ከፍተኛ ወጪና ተደጋጋሚ ምልልስ ስለሚጠይቅ፣ ተገልጋዮች ከብት ሸጠው ወይም ተበድረው ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያውቁ ይህ መረጃ ተዘጋጅቷል።

የጥርስ ተከላ ምንድን ነው?

የጥርስ ተከላ ቲታኒየም ከተባለ ብረት የተሠራ፣ እንደ ብሎን ያለ አነስተኛ ሥር በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በቀዶ ሕክምና መትከል ነው። አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ሲጠና በላዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይታሰራል። ዘዴው በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስዊድን ሲሆን፣ ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል።

ብዙዎች ለእያንዳንዱ ጥርስ አንድ ብረት የሚተከል ይመስላቸዋል። ሁሉም ጥርሶች ለጠፉበት አንድ መንጋጋ ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ተከላዎች በቂ ናቸው፤ ሙሉው የጥርስ ረድፍ በእነርሱ ላይ ይታሰራል።

ያሉት ሦስት አማራጮች

1. ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ፦ ቀዶ ሕክምና አይፈልግም፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ጥርስ ከወለቀ በኋላ የመንጋጋ አጥንት በየዓመቱ እየሟሸሸ ስለሚሄድ ግን፣ በተለይ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ መንሸራተት ይጀምራል፤ በየጊዜውም መስተካከል ይኖርበታል።

2. በ2 ተከላዎች የሚያዝ ተነቃይ ጥርስ፦ ለታችኛው መንጋጋ የሚመከር መካከለኛ አማራጭ ነው። ጥርሱ ማታ ይወልቃል፤ ሲታኘክ ግን አይንሸራተትም።

3. ቋሚ ሙሉ ረድፍ፦ በ4 ወይም ከዚያ በላይ ተከላዎች ላይ የሚታሰር፣ በባለሙያ ካልሆነ በቀር የማይወልቅ ነው። ከሦስቱ እጅግ ውዱ ይኸው ነው።

ስለዚህ «ጥርስ የለዎትም» መባል ወዲያውኑ «ሦስተኛውን ይውሰዱ» ማለት አይደለም። የታችኛው መንጋጋ ብቻ ያስቸገረው ሰው በሁለተኛው አማራጭ ችግሩ ሊቃለልለት ይችላል።

ቅድመ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች

ዕድሜ መግፋት ብቻውን ተከላን አይከለክልም። ነገር ግን በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ሲጋራ የሚያጨሱ፣ በጭንቅላትና አንገት አካባቢ የጨረር ሕክምና የወሰዱ፣ እንዲሁም ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይህንኑ አስቀድመው ለሐኪሙ መንገር ይኖርባቸዋል። በአፍ ውስጥ የቀሩ ጤናማ ጥርሶች ካሉም፣ ለተከላ ሲባል ብቻ እንዲነቀሉ ከመስማማትዎ በፊት የሌላ ባለሙያ አስተያየት ይጠይቁ።

ሕክምናው የሚፈጀው ጊዜ

ከምርመራና ከራጅ በኋላ ተከላው ይከናወናል፤ አጥንቱ እስኪጠና ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወራት ይጠበቃል፤ ከዚያም ቋሚው ጥርስ ይገጠማል። በተከላው ዕለት ጊዜያዊ ጥርስ የሚገጠምላቸው ታካሚዎች ቢኖሩም፣ ይህ የሚወሰነው በአጥንቱ ጥንካሬ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ አጥሚት፣ ሾርባና ፍትፍት ያለ ለስላሳ ምግብ ያስፈልጋል። አርሶ አደሮች ቀጠሮውን ከእርሻና ከአጨዳ ወቅት ጋር እንዳይጋጭ አድርገው ቢይዙ ይመረጣል።

ወጪውና የጤና መድኅን

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት በመንግሥት ጤና ተቋማት የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምና ያገኛሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን በመድኅኑ ከማይሸፈኑ አገልግሎቶች መካከል ነው። በመሆኑም የተከላውና የጥርሱ ወጪ በታካሚው ላይ ይወድቃል። ይህ ማለት መድኅኑ አይጠቅምም ማለት አይደለም፦ ከተከላ በፊት መታከም ያለበትን የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም በአባልነትዎ መከታተል ይችላሉ።

አገልግሎቱን ከየት ይጀምራሉ?

ለአብነት በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቁይ ከተማና አካባቢዋ የሚኖር ተገልጋይ ጉዳዩን በቅርቡ ካለው ጤና ጣቢያ ቢጀምር፣ ስለ አጠቃላይ ጤንነቱ ምርመራ አድርጎ የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ሊሄድ ይችላል። በቀጥታ አዲስ አበባ መሄድ ከደብረ ማርቆስ ብቻ እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ሕክምናውም በአንድ ጉዞ አያልቅም። ስለዚህ የመጓጓዣውና የማረፊያው ወጪ ከሕክምናው ዋጋ ጋር ተደምሮ መታሰብ ይኖርበታል።

ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ይጠይቁ

• ተቋሙና ባለሙያው የታደሰ የሥራ ፈቃድ አላቸው?
• የተነገረኝ ዋጋ ምርመራውን፣ ራጁን፣ ተከላውን፣ ጊዜያዊና ቋሚ ጥርሱን፣ ክትትሉንም ያካትታል? በጽሑፍ ይሰጠኛል?
• ተከላው ሳይይዝ ቢቀር ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው?
• የተተከለው ብረት ዓይነት፣ መጠንና መለያ ቁጥር በጽሑፍ ይሰጠኛል?

የመጨረሻው ጥያቄ በተለየ ሁኔታ ሊታሰብበት ይገባል። የተከላ ዓይነቶች እርስ በርስ ስለማይገጥሙ፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ብሎን ቢላላ መለያው የሌለው ታካሚ በሌላ ተቋም መስተናገድ ይቸግረዋል። ወረቀቱን እንደ ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በጥንቃቄ ያስቀምጡ።

ከተከላ በኋላ

የተተከለ ጥርስ አይበሰብስም፤ ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል። በየቀኑ ካልጸዳና በቀጠሮው ካልታየ፣ አጥንቱ ተበልቶ ተከላው ሊወልቅ ይችላል። ድድዎ ከደማ፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይቅረቡ።

በአገልግሎቱ ላይ ቅሬታ ያለው ተገልጋይ በቅድሚያ ለተቋሙ፣ ምላሽ ካላገኘም በየደረጃው ላለው የጤና መዋቅር በጽሑፍ ሊያቀርብ ይችላል፤ ለዚህም የክፍያ ደረሰኝና የሕክምና ማስረጃዎችን መያዝ ያስፈልጋል።