የየኔንጋ ፈረስ

በ1934 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር የነበረው ፒየር ላቫል አንድ ድንጋጌ አወጣ። በፈረንሳይ ሥር በነበረው የአፍሪካ ምድር ፊልም መቅረጽ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ የገዢዎቹን ፈቃድ እንዲያገኝ የሚያዝ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ የፖርቶ ኖቮ ተወላጁ ፖሊን ቪዬራ ፓሪስ ውስጥ የፊልም ትምህርቱን ሲጨርስ ይኸው ሕግ ጠበቀው። እሱና ጓደኞቹ በ1955 «አፍሪካ በሴን ዳር» የተባለውን አጭር ፊልም የሠሩት እዚያው ፓሪስ ላይ፣ ፓሪስ ስለሚኖሩ አፍሪካውያን ነው። አገር ቤት ገብቶ መቅረጹ አልተፈቀደላቸውማ።

ነጻነት ሲመጣ ካሜራው ተለቀቀ። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በ1963 የአንድ የዳካር ጋሪ ነጂን ውሎ በ«ቦሮም ሳሬት» አሳየ፤ በ1966 ደግሞ ፈረንሳይ አገር በቤት ሠራተኝነት ስለምትማቅቅ ወጣት ሠራ። ፊልሙ አለ፤ ግን የት ይታይ? ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆነው ምዕራብ አፍሪካ ለሲኒማ ቤቶች ፊልም የሚያከፋፍሉት ኮማሲኮና ሴክማ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ኩባንያዎች ነበሩ። የሚያመጡትም የውጭ ፊልም ነው። የዳካር ልጅ የካውቦይን ኮርቻ አሳምሮ እያወቀ የሰፈሩን ጋሪ ነጂ በስክሪን የማየት ዕድል አልነበረውም።

ፌስፓኮ፣ ማለትም የዋጋዱጉ የመላው አፍሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ፌስቲቫል፣ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። በየካቲት 1969 የያኔዋ የላይኛው ቮልታ፣ የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ፣ የሲኒማ ወዳጆች ተሰባስበው የአፍሪካ ፊልሞችን ለዋና ከተማዋ ለዋጋዱጉ ሕዝብ አሳዩ። የአዘጋጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር አሊማታ ሳላምቤሬ የተባለች ሴት ነበረች። በዓመቱ መንግሥት ከአከፋፋዮቹ ጋር ተጣልቶ ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ፤ ከሚሸጠው ትኬት ላይም ድርሻ እየተነሳ ለአገር ውስጥ ፊልም ሥራ የሚውል የገንዘብ ቋት ተቋቋመ። ለእኔ ከፌስቲቫሉ ግርግር ሁሉ የሚበልጠው ይህ እርምጃ ነው። ከዓለም ድሆች ተርታ የምትቆጠር፣ የባሕር በር እንኳ የሌላት አገር ካውቦይ ለማየት ከሚሰለፈው ሰው ሳንቲም ቆንጥራ የራሷን ፊልም ሠራች። የጋስቶን ካቦሬ «ዌንድ ኩኒ» (1982) ከዚያ ገንዘብ ተጠቃሚ ነበር። ጫካ ውስጥ ወድቆ የተገኘ፣ አንደበቱ የተዘጋ ሕፃን አንድ ቤተሰብ ያሳድገዋል፤ ከዓመታት በኋላ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ሲያይ ልጁ ድንገት አፉን ይፈታና የእናቱን ታሪክ ይናገራል።

በ1972 ፌስቲቫሉ በድንጋጌ ተቋም ሆነ፤ ዋናው ሽልማትም ተሰየመ፦ የየኔንጋ ፈረስ። የአገሪቱ የሞሲ ሕዝብ አፈ ታሪክ እንደሚለው የኔንጋ የዛሬዋ ጋና ሰሜናዊ ክፍል ንጉሥ ልጅ ናት። ጦር መሪ ስለነበረች አባቷ ሊድራት አልፈለገም። ፈረሷን ጭና ኮበለለች፤ ጫካ ውስጥ ካገኘችው ዝሆን አዳኝ ወንድ ልጅ ወለደች፤ የሞሲ ነገሥታት ዘራቸውን ከዚያ ልጅ ይቆጥራሉ። ሽልማቱ ጦር የያዘች ሴት የተቀመጠችበት ፈረስ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድንም «ፈረሶቹ» ይባላል፤ ነገር ሁሉ ከዚህ ፈረስ አይርቅም። የመጀመሪያውን ፈረስ የወሰደው የኒጀሩ ኡማሩ ጋንዳ ነው። የማሊው ሱሌይማን ሲሴና የሴኔጋል ዝርያ ያለው አላን ጎሚስ ሁለት ሁለት ጊዜ ወስደዋል።

ከ1979 ወዲህ ፌስቲቫሉ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። በመካከሉ ያለው ዓመት ለብዙ ጊዜ ለታላቅ እህቱ፣ በ1966 ለተጀመረው የቱኒዚያው ካርቴጅ ፌስቲቫል ሲተው ቆይቷል። ዋጋዱጉ ግን ነቀፌታ አጥታ አታውቅም። መድረኩ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ያደላል የሚለው ቅሬታ የቆየ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው የጋናው ክዋው አንሳ ነው፤ እሱም በ1989። ዋናው ውድድር እስከ 2013 ድረስ በ35 ሚሊሜትር ፊልም ያልታተመ ሥራ አይቀበልም ነበር። ናይጄሪያውያን በቪዲዮ ካሜራ እየሠሩ የአህጉሩን ገበያ ሲያጥለቀልቁ ዋጋዱጉ ውድ ጥቅል ይዛችሁ ኑ ትል ነበር። ለጥራት ታስቦ ነው ቢባልም እኔ ግትርነት ነው እላለሁ። ደንቡ የተነሳው በ2015 ነው።

በ2009 ፈረሱ ጎንደር ገባ። የጎንደሩ ተወላጅ፣ በዋሽንግተኑ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማረው ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» አሸነፈ። የፊልሙ ባለታሪክ አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ በአብዮቱ ዘመን አዲስ አበባ ሠርቶ፣ በመጨረሻ አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለችው መንደሩ ይመለሳል፤ እዚያ ደግሞ ወጣቶች ከግዳጅ ምልመላ ለማምለጥ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ፊልሙ ከዚያ በፊት በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቶ ነበር። ለቬኒስ ተመልካች ግን የሩቅ አገር ታሪክ ነው። ዋጋዱጉ ውስጥ የተቀመጠው ሰው በ1983 አብዮት አይቷል፤ በ1987 የአብዮቱ መሪ ቶማስ ሳንካራ ሲገደልና የትግል ጓዱ ብሌዝ ኮምፓዎሬ ሥልጣኑን ሲይዝ አይቷል፤ «ጤዛ» በታየበት ዓመትም ወንበሩ ላይ የነበረው ይኸው ኮምፓዎሬ ነው። ጓድ ጓዱን የሚበላበትን ታሪክ ለዚህ ተመልካች ማብራራት አያስፈልግም።

ኃይሌ ስክሪን የማጣትን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1993 የሠራውን «ሳንኮፋ» የአሜሪካ አከፋፋዮች አንፈልግም ሲሉት ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ ይዞት ዞረ። ሀዋርድ አጠገብ ያለው፣ ዋሽንግተን የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤቱም ስሙ ሳንኮፋ ነው።

ቡርኪና ፋሶ ዛሬ ሰላም የላትም፤ በ2022 ብቻ ሁለት መፈንቅለ መንግሥት አስተናግዳለች። ፌስቲቫሉ ግን በ2023ም በ2025ም አልቀረም። በ2025 ልጇ ዳኒ ኩያቴ፣ ሼክስፒርን ወደ ሞሲዎች ቋንቋ፣ ወደ ሞሬ፣ አምጥቶ በጥቁርና ነጭ በሠራው «ካታንጋ»፣ ከ1997 ወዲህ የራቃትን ፈረስ መለሰላት። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት የቡርኪናዊቷ አፖሊን ትራዎሬ «ሲራ» ታይቶ ነበር፤ ታጣቂዎች ጠልፈዋት በረሃ ውስጥ ስለምትታገል የፉላኒ ወጣት ይናገራል። ቡርኪና ውስጥ መቅረጹ አስጊ ስለነበር የተቀረጸው ሞሪታኒያ ነው። አፖሊን ሁለተኛውን ሽልማት፣ የብሩን ፈረስ፣ ወሰደች፤ ዋናውን፣ የወርቁን፣ የወሰደው የቱኒዚያው ዩሱፍ ሸቢ ነው። ከ1972 እስከ 2025 የወርቁን ፈረስ የወሰደች ሴት የለችም።