ርካሹ ትኬት ዝናብ ይዞ እንዳይመጣ

በአውሮፓ የጉዞ ገበያ መነሻው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የሚቸበቸብ የሩቅ አገር ሽርሽር ዋጋው የሚረክሰው ብዙ ጊዜ በመዳረሻው ክረምት በመግባቱ ነው። ስለሆነም ገዢው ከዋጋው በፊት ወሩን ማየት ይኖርበታል።

ከጥር እስከ መጋቢት ማልዲቭስና የታይላንዷ ፑኬት በጋ ናቸው። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ባሊ ትመረጣለች። በመስከረም ካሪቢያንን ከባድ አውሎ ነፋስ ያሰጋዋል፤ አሩባና ኩራሳኦ ግን ከዋናው መስመር ውጭ ስለሆኑ እውነተኛው ቅናሽ እዚያ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌላዋ የታይላንድ ደሴት ሳሙይ ዝናብ ሲበዛባት፣ የኢትዮጵያ ደጋ ብራ ነው። በታኅሣሥ ኬፕታውን ሞቃት ብትሆንም በፈረንጆች ገና ሰሞን ዋጋዋ ይሰቀላል።

የቅናሽ ትኬት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስምና «ለምን ረከሰ?» ብሎ መጠየቁ ያዋጣል።